«እረኛ ምን አለ?»፦ ከካዛንቺስ የቡና ሰዓት እስከ እጃችን ላይ ያለው ስልክ

በድሮ ጊዜ አንድ ንጉሥ ሕዝቡ ስለ እሱ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ቢፈልግ ምን ያደርግ ነበር? ፌስቡክ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ምርጫ የለም። መኳንንቱን ቢጠይቅ «ጃንሆይ፣ ሕዝቡማ ይወድዎታል» ከማለት ሌላ የሚነግረው አይገኝም። ስለዚህ፣ አባቶቻችን ሲተርኩ እንደምንሰማው፣ ሰው ይልክና «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቃል።

ለምን እረኛ? እረኛ ሜዳ ላይ ከከብቶቹ ጋር ብቻውን ነው። ሹመት አይፈልግም፣ ሹመት የሚያሳጣውም የለም። የሚያንጎራጉረው ንጉሡ ይሰማኛል ብሎ ሳይሆን ሰዓቱ እንዲሄድለት ነው። ቤት ውስጥ እናትና አባቱ ሲያጉረመርሙ የሰማውን ነገር ነው በዜማ የሚያወጣው። ዝናብ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ግብር ከብዶ እንደሆነ፣ ሹሙ በድሎ እንደሆነ ከእሱ ዘፈን ይታወቃል።

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1937 ማስ ኦብዘርቬሽን የሚባል ድርጅት የተቋቋመው በተመሳሳይ ሐሳብ ነበር። ጋዜጦችና ፖለቲከኞች «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» እያሉ ሲጽፉ መሥራቾቹ «ተራው ሰው ግን ራሱ ምን ይላል?» ብለው ተነሡ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1937 ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ ፈቃደኛ ሰዎች በዚያ ቀን ያዩትንና የሰሙትን በማስታወሻ እንዲጽፉ ተደረገ። አንዳንዶቹ ደግሞ መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው የሰውን ጨዋታ እየሰሙ ይመዘግቡ ነበር። ከጥንቱ «እረኛ ምን አለ?» ብዙም አይርቅም።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ አዲስ አበባ መሃል፣ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማና ወደ ካዛንቺስ እንሄዳለን። ተራው ሰው ስለ መንግሥትና ስለ አገሩ የሚያስበውን የት ይናገር ነበር? ማንስ ይሰማው ነበር? ሰሚ ሲጠፋስ ምን ሆነ?

ሁለት ሽቦዎች

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ታሪክ ሳነብም መጀመሪያ የሚታየኝ ሽቦ ነው።

እስቲ ቤታችሁ ያለውን ፍሪጅ አስቡት። ፍሪጁ ውስጥ ሙቀቱን የሚለካ ቴርሞስታት አለ። ሲሞቅ ሞተሩን ያስነሳዋል፣ ሲቀዘቅዝ ያጠፋዋል። ይህን በምህንድስና ግብረ መልስ እንለዋለን። ሞተሩ ወደ ውስጥ ይሠራል፣ ቴርሞስታቱ ደግሞ «በቃ» ወይም «ጨምር» የሚል ወሬ ይመልሳል። የመመለሻው ሽቦ ቢቆረጥ ሞተሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም። ወይ ሁሉን ነገር በረዶ ያደርገዋል፣ ወይ ምግቡ ሲበላሽ ዝም ብሎ ያያል።

መንግሥትና ሕዝብም በሁለት ሽቦ የተገናኙ ናቸው። አንዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ሲታተም፣ በኋላም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲመጡ ይህ ሽቦ በየጊዜው እየወፈረ መጣ። ሌላው ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ነው። የእረኛው ዜማ፣ አቤቱታ፣ የአዝማሪ ግጥም፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ የምርጫ ካርድ ሁሉ በዚህ ሽቦ ላይ ያሉ ናቸው። በታሪካችን የመጀመሪያው ሽቦ ብዙ ገንዘብ ሲወጣበት ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ ኖሯል። አንዳንዴም በመቀስ ተቆርጧል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ረሃብ ሲገባ ወሬው ወደ ላይ እንዳይወጣ ታፍኖ ነበር። ዓለም በሰፊው የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን የወሎ ረሃብ አጥንቶ ነበር። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የወሎ ገበሬ ምርቱን ሲያጣ እህል የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ አጣ። ሴን በኋላ በሌሎች ጽሑፎቹ፣ ነፃ ጋዜጣና ምርጫ ባለበት አገር ከባድ ረሃብ እንደማይከሰት ተከራክሯል። በኛ ቋንቋ ብንለው፣ የመመለሻው ሽቦ ካለ ረሃቡ ገና ሲጀምር ይሰማል።

ካዛንቺስ፦ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከመንግሥት ቤት የመጣ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በነበረ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበረው። «ካሳ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤት፣ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

ሰፈሩ ያለበት ቦታ ደግሞ የሚገርም ነው። በቅርብ ርቀት ቤተ መንግሥቶች አሉ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ ሲያደርግ ሕንፃው የቆመው እዚሁ ጥግ ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽም በዚያው ግቢ ነው። የአህጉሩ መሪዎች ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ ትንሽ ራመድ ሲሉ የጭቃ ቤቶች፣ ጠላ ቤቶችና ጉልቶች ነበሩ። ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ ርዝመት በሜትር ቢለካ ኖሮ ካዛንቺስን የሚቀድም ሰፈር ባልተገኘ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የሚወርስ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ እዚያው ቆመ። ይህ በሰፈር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ኪራይ ሲረክስ ሰው አይለቅም። በቂርቆስና በካዛንቺስ አንድ ቤተሰብ በአንድ የቀበሌ ቤት 30 እና 40 ዓመት ኖረ። ቤቱ ይጠባል፣ ጣራው ያፈሳል፣ ሽንት ቤት የጋራ ነው። ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እውነት እንደሚናገር፣ ማን እንደሚያጋንን ሁሉም ያውቃል።

አንዲት የካዛንቺስ እናት አስቡ። ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በሰፈሩ እየዞረ ማን እንዳረፈና ቀብሩ የት እንደሆነ ሲናገር ትሰማለች። ከሰዓት ጎረቤት ቡና ትጠራለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ አንድ ሰዓት፣ ሲሞቅም ከዚያ በላይ ይፈጃል። «ዘይት ሊጨምር ነው አሉ» ትላለች አንዷ። «ማን ነገረሽ?» ትላለች ሌላዋ። «የነ እትዬ እንትና ልጅ፣ ንግድ ቢሮ ነው የሚሠራው።» «እሱማ ባለፈውም ብሎ ምንም አልሆነም እኮ!» በቃ፣ ወሬው ተመዘነ።

እዚህ ጋ የተደረገውን ልብ በሉ። መልእክት መጣ፣ ምንጩ ተጠየቀ፣ የምንጩ ያለፈ ታሪክ ታየ፣ ሦስተኛዋ ረከቦት እስኪነሳ ድረስ መልስ ለመስጠት ጊዜ አገኘች። ዝግተኛ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፣ ሐሜትም ይበዛበታል። ግን ውሸት ተናጋሪው ነገ እዚያው ሰፈር ስለሚውል ይፈራል፤ እድር ላይ ያገኙታል።

ተቀበል! የአዝማሪ ቤት ምስጢር

የካዛንቺስ ሌላው ዝነኛ ነገር አዝማሪ ቤቶቹ ነበሩ። የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ካለፈ በኋላ በሰፈሩ ብዙ አዝማሪ ቤቶች ነበሩ። ዳንሰኛው መላኩ በላይ የሚመራው ፈንዲቃ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ከዚህ ነው።

አዝማሪ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው፦ ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ በእንግዶች መካከል ይዞራል። አንድ ጠጪ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ለቤቱ ሁሉ ያሰማዋል። አሁን ግጥሙ የማን ነው? ሰጪው «አዝማሪው ነው ያለው» ይላል። አዝማሪው ደግሞ «እኔ የተሰጠኝን ነው የተቀበልኩት» ይላል። ቃሉ ቤቱን ሞላው፣ ባለቤት ግን የለውም።

በዚያ ላይ ሰምና ወርቅ አለ። ሰሙን ሰምቶ የሚስቅ ይስቃል፣ ወርቁን ያገኘ ደግሞ ዝም ብሎ ብርጭቆውን ያነሳል። የኮምፒውተር ተማሪዎች ኢንክሪፕሽን የሚሉት ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። መልእክቱ በአደባባይ ያልፋል፣ ቁልፉ ያለው ሰው ብቻ ይፈታዋል። ልዩነቱ የአዝማሪው ቁልፍ ሂሳብ አለመሆኑ ነው። አብሮ መኖር ነው ቁልፉ። የሰፈሩን ጉዳይ የማያውቅ ሰው ወርቁን አያገኝም።

እንዲህ ያለ ጥበብ የሚያድገው በነፃነት አገር አይደለም። በግልጽ መናገር ሲያስፈራ ነው ሰው ቅኔ የሚያበዛው። ስለዚህ የአዝማሪ ቤትን ስናደንቅ፣ ለምን እንዳስፈለገም አብረን ማስታወስ አለብን።

ሽቦው ሲሞላ፣ ሽቦው ሲጠለፍ

የካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ሰሞን አድማ መቱ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ከላይ ላሉት ነገሩ ድንገተኛ ጎርፍ ነበር። ታች ላለው ሰው ግን ድንገተኛ አልነበረም፤ ለዓመታት ቡና ላይና ታክሲ ውስጥ ሲባል የነበረ ነው። የሚሰማው አጥቶ ነው እንጂ።

የሚገርመው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1967 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ቀን ደርግ ያንኑ የዲምብልቢን የረሃብ ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል እየቀላቀለ በቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ወደ ላይ እንዳይወጣ የታፈነው ወሬ ዞሮ ከላይ ወደ ታች በሚወርደው ሽቦ ተለቀቀ፤ ኃይሉም እንደዚያው ሆነ።

ደርግ ከቀደመው ሥርዓት አንድ ትምህርት ወስዶ ነበር፤ የታችኛውን ወሬ መስማት ያስፈልጋል። ቀበሌን አቋቋመ። ቀበሌ ስኳርና ዘይት ያከፋፍላል፣ ቤት ያከራያል፣ ግን ያዳምጣልም። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል በሁሉም ቤት ገባ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት በአንድ ቃል ሰው ይታሰር፣ ይገደል ነበር። ዛሬ መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ፎቶዎቹን ይዞ ቆሟል።

ከምህንድስና አንጻር እዚህ ያለው ስህተት ግልጽ ነው። መለኪያው የሚለካውን ነገር ከቀጣ ንባቡ ውሸት ይሆናል። ሰው ጆሮ ጠቢ እንዳለ ካወቀ እንደ ጥንቱ እረኛ ማንጎራጎሩን ይተዋል። «ግድግዳም ጆሮ አለው» ብሎ ዝም ይላል፣ ወይም እንዲሰማ የሚፈለገውን ይናገራል። በስብሰባ መፈክር፣ በቤት ሹክሹክታ። ሰዉ ሬዲዮኑን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረውን የዶይቸ ቬለን፣ በ1982 ደግሞ የተጀመረውን የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ያዳምጥ ነበር። ስለ ገዛ አገሩ ወሬ ለመስማት ከውጭ አገር ጣቢያ መጠበቅ ነበረበት።

አደባባይ ሞላ ማለት ምን ማለት ነው?

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጦች በዙ። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ የሚነበብበት ዘመን መጣ፤ መግዣ የሌለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በሳንቲም አንብቦ ይመልሳል። ከዚያ የ1997 ምርጫ ደረሰ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፉትን ክርክሮች ያየ ሰው ዛሬም ድረስ ያነሳቸዋል።

ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይ ላይ ግዙፍ ሰልፍ ጠራ። አደባባዩ ሞላ። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ጠራ። እንደገና ሞላ። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ሲሰጥ ግን አዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት የነበራትን 23 መቀመጫ በሙሉ ለቅንጅት ሰጠች። በቅዳሜው ሰልፍ ብዛት ተማምኖ የነበረ ሰው ምን ነካው?

መልሱ የናሙና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የላኩለትን መልስ ቆጥሮ ላንደን ሩዝቬልትን በምርጫ ያሸንፈዋል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ ጠራርጎ አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ የደላው ነው። በተጨማሪም መልስ ጽፎ የሚልክ ሰው ከማይልከው ይለያል።

በሌላ በኩል አፍሮባሮሜትር ኢትዮጵያ ውስጥ ጥናት ሲያደርግ የሚጠይቀው ወደ 2,400 ሰው ብቻ ነው። ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ስህተቱን በግምት 1 ሲካፈል ለናሙናው ስኩዌር ሩት ብለን እናሰላዋለን፤ 2,400 ሰው 2 በመቶ አካባቢ ይሰጣል። በዕጣ የተመረጡ 2,400 ሰዎች፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ከመጣ አንድ ሚሊዮን ሰው የተሻለ ይናገራሉ። ይህ ለገዢውም ለተቃዋሚውም ይሠራል። በዩቲዩብ ላይ ለሚቆጠር ተመልካችም ይሠራል።

ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ። ወጣቱ ሰልፍ ይጠራራበት የነበረው የስልክ የጽሑፍ መልእክትም ተዘጋ። ለሁለት ዓመት ገደማ፣ እስከ ሚሊኒየሙ ዋዜማ ድረስ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኤስኤምኤስ መላክ አይቻልም ነበር።

ሲዘጋ የሚጮኸው ወሬ

ሽቦ ሲቆረጥ ጸጥታ የሚመጣ ይመስላል። የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስለ አሉባልታ በጻፉት መጽሐፍ አንድ ቀላል ቀመር አስቀመጡ፦ የአሉባልታ ጉልበት ማለት የጉዳዩ ክብደት ሲባዛ በመረጃው ብዥታ ነው። መደመር አይደለም፣ ማባዛት ነው። ጉዳዩ ከባድ ቢሆንም መረጃው ጥርት ካለ አሉባልታው ዜሮ ይጠጋል። ጉዳዩ ከባድ ሆኖ መረጃው ከደፈረሰ ግን ይፈነዳል።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ። ከዚያ የከበደ ጉዳይ የለም፤ ብዥታውም በአንድ ቀን ጣራ ነካ። ውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ መጻፉንና መናገሩን ቀጠለ። እዚህ ያለው «ኧረ እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም የሆነው» ብሎ የሚያርምበት መንገድ ግን አልነበረውም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ጉዳይ ውዝግብ ሲነሣ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገደቡ። ቪፒኤን የሚያውቅ ወጣት ገባ፣ እናቱ ቀረች።

መንግሥት የሚሰጠው ምክንያት ባዶ ነው ማለት አይደለም። የጥላቻ ወሬ ሰው ያስገድላል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቷቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ከተሠራጨ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ አመልክቶ እንደነበር ገልጾ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በኛም አገር የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን ሰው ጠበቅ አድርጎ ይጠይቃል።

እረኛው ካሜራ ፊት ሲቆም

ታዲያ ማኅበራዊ ሚዲያ ምን ዓይነት ሽቦ ነው? ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ በመጨረሻ ወፈረ ማለት ነው? በአንድ በኩል አዎ። ድሮ ቡና ላይ የሚቀረው ቅሬታ ዛሬ ሚኒስትር ስልክ ላይ ይደርሳል።

ግን መካከል ላይ ማጣሪያ አለ። አልጎሪዝሙ የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ሳይሆን ሰው የሚነካካውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በትዊተር የተሠራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን ተከታትሎ ነበር። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ በሌሎች የመጋራት ዕድሉ 70 በመቶ የበለጠ ነበር። ያሠራጨው ሮቦት ብቻ አልነበረም። እኛው ሰዎች ነን፤ አዲስና የሚያስደነግጥ ነገር እንወዳለን።

ሌላም አለ። የጥንቱ እረኛ ዋጋ የነበረው ማንም ይሰማኛል ብሎ ስላልዘፈነ ነው። ዛሬ ሁላችንም ካሜራ ፊት የቆምን እረኞች ነን። ላይክ ይቆጠራል፣ ተመልካች ይከፈልበታል። ሲቆጠርብን ዜማችን ይለወጣል። ቡና ላይ «እኔ'ንጃ፣ ሁለቱም ጋ ጥፋት አለ» የምትለው ሴት ፌስቡክ ላይ አትታይም፤ አቋሟ ለመጮኽ አይመችም። ስለዚህ ስልኩን ብቻ የሚያይ ሰው አገሩ በሙሉ በሁለት ጎራ እየተጯጯኸ ይመስለዋል።

ሰፈሩ ሲፈርስ የሚፈርሰው

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነዋሪው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻ መንደሮች ተዛወረ። አዝማሪ ቤቶቹ ተነሡ፣ ፈንዲቃም የካዛንቺስ ቤቱን ለቀቀ። የጭቃ ቤቱ መፍረስ ብዙ የሚያሳዝን አይደለም ትሉ ይሆናል፤ የሚያፈስ ጣራና የጋራ ሽንት ቤት ማንም አይናፍቅም። አዲሱ ቤት ለብዙዎች የተሻለ ነው። ግን በፕላኑ ላይ ያልተሳለ አንድ ነገር አብሮ ተነሥቷል። 40 ዓመት የፈጀ፣ ማን ታማኝ ማን አጋናኝ እንደሆነ የሚያውቅ የሰዎች መረብ። ጎረቤትሽ ማን እንደሆነች በማታውቂበት ብሎክ ላይ «ማን ነገረሽ?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። እድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ይሆናል፣ ጡሩምባው ይቀራል።

ለምን ያሳስበናል? በቁጥር እንየው። እያንዳንዷ ጎረቤት ከ10 ወሬ 3ቱን ትሳሳታለች እንበል። ሦስት ጎረቤቶች አንዱን ነገር እያንዳንዳቸው በዓይናቸው አይተው ቢነግሯችሁ ሦስቱም አብረው የመሳሳታቸው ዕድል 0.3 × 0.3 × 0.3 = 0.027 ነው፤ ከ3 በመቶ በታች። አሁን ደግሞ አንድ ሰው የጻፈውን መቶ ሰው ሼር አድርጎ ቢልክላችሁስ? ዕድሉ ያው 0.3 ነው። መቶ ጊዜ ሰማችሁት፣ የነገራችሁ ግን አንድ ሰው ነው። ጆሯችን ግን እንደ መቶ ይቆጥረዋል። «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» እንላለን፤ ስልክ ላይ ግን አንድ ጭስ መቶ ቦታ ይታያል።

መፍትሔው ወደ ጭቃ ቤት መመለስ አይደለም፣ ስልኩን መጣልም አይደለም። የካዛንቺሷን እናት ጥያቄ ይዞ መሄድ ግን ይቻላል። ማን ነገረሽ? እሱስ አይቶ ነው ሰምቶ? ባለፈው የነገረን ልክ ነበር? ሌላ መንገድ የመጣ ሰው ያው ነገር ብሏል? አራቱን ሳትጠይቁ ሼር አታድርጉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህ ነው።

ከላይ ላሉትም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የድሮው ንጉሥ ጥያቄ። በ1966 ያልሰማ፣ በ1997 በአደባባይ ብዛት የተታለለ፣ በ2012 ኢንተርኔት የዘጋ ሁሉ በመጨረሻ ራሱ ነው ሳያይ የቀረው። ቴርሞስታቱን የነቀለ ሰው ፍሪጁን ጸጥ አሰኘሁ ቢል፣ ምግቡ ግን መበላሸቱን አላቆመም።